ደብዳቤ ለልጄ፦ ጆሮሽን ጠብቂ

ጎንደር፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ ለቃልኪዳን፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትሽ ብርዱ ጉልበቷን ትንሽ ቢያስነሣባትም ዛሬ አስተርእዮ ማርያም ነውና ከጎረቤቶቿ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ እኔም ቤቱ ጸጥ ሲልልኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጥሁ። በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ ነገር ግን በስልክ ስንነጋገር አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔ ደግሞ ግማሹን አልሰማም፣ ቁም ነገሩም በመካከል ይጠፋል። በጽሑፍ ከሆነ ግን መልሰሽ መላልሰሽ ታነቢዋለሽ ብዬ ነው።

የአክስትሽ ልጅ ለጥምቀት መጥቶ እኛ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። ስለ ዲጄነት ሥራሽ ብዙ መልካም ነገር አወራን፤ ቅዳሜ ሌሊት የምትጫወቺበት ቤት በር ላይ ሰው እንደሚሰለፍ፣ ለሚያዝያ ናይሮቢ፣ ለክረምት ደግሞ በርሊን እንደተጠራሽ ሲነግረን እናትሽ እልል አለች። በኋላ ግን ቡና እየጠጣን ሳለ፣ እንደ ጨዋታ አድርጎ፣ በግራ በኩል ሲጠሩሽ እንደማትሰሚ፣ ሥራ ባደርሽ ማግስት «ጆሮዬ ጭው ይላል» እያልሽ ቀኑን ሙሉ እንደምትቀልጂበት፣ ደግሞም ሬዲዮ ካልተከፈተልሽ እንቅልፍ እንደማይወስድሽ ተናገረ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ሲኒዬን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጸጥታ ውስጥ መተኛት የማይችል ሰው ምን እየሸሸ እንደሆነ አውቃለሁና፤ እኔ ሌሊት ሬዲዮዬን ከፍቼ የምተኛው ዜና ለመስማት እንዳልሆነ እናትሽም እስከ ዛሬ የምታውቅ አይመስለኝም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፍልሽ ይህን ነው፤ ጆሮሽን ጠብቂ። ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ ብትረሺ እንኳ ይህን አትርሺ።

ይህን የምልሽ ሥራሽን ለመንቀፍ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። አካውንቲንጉን ጨርሰሽ ባንክ ትገቢያለሽ ብለን ስንጠብቅ ላፕቶፕሽን ይዘሽ አዲስ አበባ ስትሄጂ፣ አጎትሽ በሠርግ መካከል ተነሥቶ «የመሪጌታ የልጅ ልጅ አዝማሪ ሆነች» ሲል መልስ የሰጠሁት እኔ ነበርሁ። አሁንም አላረፈም። በቀደም ዕለት ደግሞ «በርሊን ድረስ ሄዳ ማሽን ልትነካካ ነው ወይ?» ብሎ ሲጀምር፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ጥምቀታችንን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ዩኔስኮ መሆኑን እንደሚያውቅ ጠየቅሁት፤ «እንዴት አላውቅም!» አለ። እንግዲያውስ የጀርመን የዩኔስኮ ኮሚሽንም በ2024 እ.ኤ.አ. ቴክኖ የሚባለውን፣ በማሽን የሚሠራውን የበርሊን የዳንስ ሙዚቃ ባህል በአገሩ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል ብዬ፣ አንቺ የላክሽልኝን ጽሑፍ አነበብሁለት። አንድ የአገር መዝገብና አንድ የዓለም መዝገብ እኩል አለመሆናቸውን አልነገርሁትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል፤ እስከ ፋሲካ ይቆይ ይሆናል።

አንቺ ሱቃችንን የምታውቂው በመጨረሻ ዘመኑ፣ ካሴት ቀርቶ ሲዲ፣ ሲዲም ቀርቶ ፍላሽ ላይ ዘፈን መጫን ሲመጣ ነው። በደኅና ዘመኑ ግን ፒያሳ ላይ ከጣሊያን ሕንፃዎች ሥር ካሉት ሙዚቃ ቤቶች መካከል የእኔን የሚያህል ድምፅ ያለው አልነበረም። በሩ ላይ ሰማያዊ ሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ ሰቅዬ ነበር፤ ወንበሬ የነበረው ልክ ከሥሩ፣ በግራ ጆሮዬ በኩል ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለ ሱቅ አዲስ ካሴት ሲያጫውት እኔ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ፤ እሱ ይጨምራል፤ እኔ እመልሳለሁ፤ ከአዘዞና ከአርማጭሆ የመጣ ገበያተኛ መካከላችን ቆሞ የማንን እንደሚሰማ ግራ ይገባዋል። በጾም ወራት ብቻ እናርፍ ነበር። ያኔ ይህ ሁሉ ጀግንነት ይመስለን ነበርና ማታ ሱቅ ዘግተን አብረን ጠላ ስንጠጣ ሁለታችንም እየጮኽን ነበር የምናወራው፤ ለምን እንደምንጮኽ ግን አንዳችንም አልጠየቅንም።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ለንግሥ በዓል ቆሜ ሳለሁ ነው ነገሩ የገባኝ። ካህናቱ ወረብ ላይ ነበሩ፤ ከበሮው ደረቴ ውስጥ ይመታል፣ መቋሚያው ሲወርድ ይሰማኛል፤ የደብተራው እጅ ላይ ያለው ጸናጽል ግን ወደ ላይ ወደ ታች ይላል እንጂ ድምፅ የለውም። ብዙ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥሁ። አባቴ መሪጌታ ነበሩና የጸናጽልን ድምፅ ከእናቴ ድምፅ እኩል ነው የማውቀው፤ ያን ቀን ጸናጽሉን አየሁት እንጂ አልሰማሁትም። ከዚያ ወዲህም አልሰማሁትም።

እዚሁ ከተማ ሐኪም ቤት ስሄድ ሐኪሟ በጆሮ ማዳመጫ ልዩ ልዩ ድምፅ እያሰማች ከመረመረችኝ በኋላ አንድ ወረቀት ላይ መስመር ሣለችልኝ፤ መስመሩ ደኅና ሲሄድ ቆይቶ 4000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ከሚለው ላይ ሲደርስ ወደ ታች ይሰምጣል። በድምፅ ብዛት የተጎዳ ጆሮ ምልክቱ ይህ መሆኑን ነገረችኝ። በእያንዳንዱ ጆሯችን ውስጥ ስንወለድ 15,000 ገደማ የሚሆኑ ፀጉር መሰል ሕዋሳት እንዳሉ፣ ድምፅን ወደ አእምሮ የሚያደርሱልን እነርሱ እንደሆኑ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት ቀድመው እንደሚጎዱ፣ በሰው ልጅ ላይ ደግሞ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው እንደማይበቅሉ አስረዳችኝ። መድኃኒት ይኖረው እንደሆነ ስጠይቃት ራሷን ነቀነቀች። ጭው የሚለውም ነገር አእምሮ ያጣውን ድምፅ በራሱ ለመተካት ሲሞክር የሚመጣ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረችኝ። ልጄ፣ ጆሮሽን ጠብቂ የምልሽ ከዚህ ተነሥቼ ነው እንጂ እንደ ሽማግሌ ድምፅ በዝቶብኝ አይደለም።

አሁን ብዕርና ወረቀት አንሥተሽ ይህን ጻፊ። የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች የሚከተሉት ስሌት እንዲህ ነው፦ ዴሲቤል በሚባለው የድምፅ ኃይል መለኪያ 85 በሆነ ድምፅ ውስጥ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 97 ላይ ግማሽ ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የምሽት ክበብ ድምፅ ብዙ ጊዜ 100 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመዘኛ የጭፈራ ቤቶች ድምፅ በአማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል። አንቺ በአንድ ሌሊት አራት ሰዓት ትጫወቻለሽ፤ ከአንቺ በፊትና በኋላ ያሉትንም ቆመሽ ትሰሚያለሽ። አካውንታንት ነሽና ሒሳቡን ራስሽ ሥሪው። በርሊን ደግሞ ቅዳሜ የተከፈተ ክበብ ሰኞ ድረስ የማይዘጋበት ጊዜ እንዳለ አንቺው ነግረሽኛል።

ጭፈራውን የሚጨፍረው ሰው በወር አንዴ ቢመጣ ነው፤ ለአንቺ ግን ሥራሽ ነው። ስለዚህ የሙዚቀኞች የጆሮ መድፈኛ በአስቸኳይ ግዢ፤ ከስፖንጅ የሚሠራው ተራ መድፈኛ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ አብልጦ ስለሚያጠፋ ሙዚቃው ይታፈንብሻል፣ ለሙዚቀኛ ተብሎ የሚሠራው ግን ሁሉንም እኩል ዝቅ ያደርገዋል። ጥጥ እወትፋለሁ እንዳትዪኝ፤ ጥጥ ምንም ያህል አይከላከልም። መድረክ ላይ ወደ አንቺ የዞረውን ድምፅ ማጉያ፣ ሞኒተር የምትሉትን፣ ዝቅ አስደርጊ፤ ሄድፎኑን በአንድ ጆሮሽ ብቻ ይዘሽ ድምፁን ከሞኒተሩ በላይ ማስጮኽ የተለመደ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የግራ ጆሮሽም የተጎዳው በዚያው ሳይሆን አይቀርም። ሌሎቹ ሲጫወቱ ውጪ ወጥተሽ አየር ተቀበዪ። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሺ አንዱ ጆሮሽ ድንገት ቢዘጋ ደግሞ ነገ ይለቀኛል ሳትዪ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ለዚህኛው ዓይነት መድኃኒት አለው፣ የሚጠቅመው ግን ቶሎ ሲጀመር ነው።

እንዲህ ስጽፍልሽ አንድ ያላነሣሁት ነገር ትዝ አለኝ። ሸሞንሟናዬ የሚባለውን የኃይሉ መርጊያን ካሴት ታውቂዋለሽ፤ በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮኑን ከኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አድርጎ፣ ያለ ባንድ፣ ብቻውን የሠራው ነው። ሱቃችን መጥቶ ነበር። በዚያን ዘመን ሰዓት እላፊው የምሽት ባንዶችን አዳክሟቸው ነበርና ቀስ በቀስ አንድ ሰው ከአንድ ኦርጋን ጋር የባንዱን ቦታ ወሰደ፤ ሽማግሌዎቹም «ኦርጋን ሙዚቃን ገደለው» ይሉ ነበር፤ ዛሬ ላፕቶፕሽን አይተው እንደሚሉት ማለት ነው። ካሴቱን እኔ እወደው ነበር፤ ደንበኞቼ ግን «ዘፋኙ የት አለ?» እያሉ ይመልሱታል። ሰውየው ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀርቶ ነበር፤ በኋላም ብዙ ዓመት ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ነዳ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከዕቃ መጫኛው አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። ከዚያ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንኑ ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ አዲስ አልበም አወጣ። ባሕር ዳር እኮ ከእኛ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ያ ሰው መኪናውን ትንሽ ወደ ሰሜን ቢያዞር ኖሮ ከእኔ ሳጥን ውስጥ ሳይከፈቱ የቀሩትን ያገኝ ነበር! ይህን ባሰብሁ ቁጥር እናደዳለሁ።

አንቺም ተመሳሳይ ነገር አጫውተሽኝ ነበር፤ ሮላንድ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ ለጊታር ተጫዋቾች ቤዝ እንዲያጅብ ብሎ የሠራው ቲቢ 303 የሚባል ማሽን ገበያ አጥቶ በ1984 እ.ኤ.አ. ማምረቱን እንዳቆመ፣ በኋላ ግን የቺካጎ ወጣቶች በርካሽ አሮጌውን ገዝተው አዲስ የዳንስ ሙዚቃ እንደፈጠሩበት። ነጋዴ ነኝና ይህን ታሪክ ወድጄዋለሁ፤ ያልተሸጠ ዕቃ ቀን ይወጣለታል። ያልታወቀ ሙዚቀኛም ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ቀን ሊወጣለት ይችላል። ኃይሉ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብሎ በቀስታ የተጫወተው ያ ሁሉ ልምምድ የጠቀመው ግን የሚሰማ ጆሮ ስለነበረው ነው። አንቺ ዛሬ ሃያ ሰባት ዓመትሽ ነው፤ ገንዘብ ቢጠፋ ይመለሳል፣ ዝና ቢሄድ እንደ ኃይሉ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ እደግመዋለሁ፤ ጆሮሽን ጠብቂ።

ክፍልሽን እናትሽ እንደነበረ ነው የያዘችው። ግድግዳው ላይ የአቪቺ ፎቶ አሁንም አለ። ድሮ ይህ ቀጭን ፈረንጅ ማነው ብዬ እጠይቅሽ ነበር፤ በኋላ ግን ራሴ አነበብሁ። አቪቺ የተባለው ስዊድናዊው ዲጄ ቲም በርግሊንግ በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ሲታወቅ 22 ዓመቱ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመቶዎች በሚቆጠሩ መድረኮች ላይ ሠራ፤ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ ከመጠጥ የተነሣ ቆሽቱ ታመመ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የሐሞት ከረጢቱና ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ወጡ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. መድረክ ተወ፤ በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. ኦማን ውስጥ ሙስካት ላይ በ28 ዓመቱ ሞተ። ወላጆቹ በስሙ የወጣቶችን የአእምሮ ጤና የሚረዳ ተቋም አቁመዋል። አንቺና ጓደኞችሽ በሞቱ ቀን ስለ ሙዚቃው አለቀሳችሁ፤ እኔ ዛሬ የማስበው ስለ አባቱ ነው። ሰውነቱ ደጋግሞ ነግሮታል፤ የጉዞው መርሐ ግብር ግን ቀድሞ ተይዞ ነበር። የሚቀጥለው ቀጠሮ ተይዟል ማለት ለአንቺም ምክንያት አይሁንሽ። ጆሮሽ ጭው ሲል እየነገረሽ ነው፤ ስሚው፤ ቀልድ አታድርጊው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእናትሽ ግን አትንገሪ። ቡርቧክስ ወርደን ከሽማግሌው አዝማሪ ጋር የዋልንበትን ቀን ታስታውሻለሽ፤ መቅጃሽን ከማሲንቆው አጠገብ አስቀምጠሽ እስትንፋስሽን ይዘሽ ስትቀጂ፣ እሳቸውም በመካከል ቆም ብለው «ልጅቷ ለማሽኗ ልትድረኝ ነው» ብለው ስንኝ ሲያወጡብሽ በሣቅ ሞተን ነበር። ለመስቀል መጥተሽ የሠራሽውን ስታሰሚኝ፣ ትዝታውን በዳንስ ምት ላይ እንዴት እንዳስቀመጥሽው፣ የማሲንቆው ጭራ ሲፋቅ የሚያሰማውን ያን ቀጭን ድምፅ ለማዳን ስንት ሌሊት እንደሠራሽበት ነግረሽኝ ዓይን ዓይኔን ታዪ ነበር። እኔም ራሴን ነቀነቅሁልሽ። ከበሮው ደርሶኛል፤ ቤዙም ደርሶኛል፤ ዜማው ከሩቅ መጥቶልኛል። ያ የጭራው ድምፅ ግን አልደረሰኝም። በሕይወቴ ከሰማሁት ሙዚቃ ሁሉ መስማት የምፈልገው እሱን ነበር፤ አንቺ የሠራሽው ነውና። በሃምሳ ዓመትሽ ያንኑ ሥራ ከፍተሽ የራስሽን ድካም ሳትሰሚው እንድትቀሪ አልፈልግም። ጆሮሽን ጠብቂ፣ ቃልዬ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ። የእቁብ ጓደኛዬ ባለቤት ሐሙስ ከአዘዞ በአውሮፕላን ትመጣለች፤ በርበሬ፣ ሽሮና ቂቤ ይዛልሻለች፤ ኤርፖርት ድረስ ሄደሽ ተቀበያት እንጂ ሰው አትላኪ። በፖስታው ውስጥ ለጆሮ ምርመራና ለመድፈኛው የሚሆን ገንዘብ አለ፤ ለሌላ እንዳታደርጊው፣ በተለይ ለገመድ። ከሚቀጥለው ቅዳሜ በፊት የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ የመስማት ምርመራ አድርጊ፤ ከምርመራው በፊት ባለው ሌሊት አትሥሪ፣ ውጤቱ ይዛባልና። የናይሮቢዎቹንም ቀብድ ሳትቀበዪ ትኬት እንዳትቆርጪ፤ ከሚፈርሙት ወረቀት ላይ የድምፁን መጠንና የምትጫወቺበትን ሰዓት አጽፊ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ አልጫወትም ማለት ነውር አይደለም። ፓስፖርትሽ ጊዜው መቼ እንደሚያልቅ አሁኑኑ ተመልከቺ።

የምርመራውን ወረቀት ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ሐኪሙ ደኅና ነሽ ቢልሽም ላኪልኝ፤ 4000 የሚለው ላይ መስመሩ የወረደ መሆን አለመሆኑን እኔ ራሴ አያለሁ፣ ማንበቡን ለምጄዋለሁ።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

አባትሽ

ማሳሰቢያ፦ የቂቤውን ጣሳ ባዶውን በዚያችው ሴት መልሺ፤ የጎረቤት ነው።